ዓሣው መጥበሻውን እስኪለቅ

ልጄ ሮሐ ከባሏ ቤት ከአርቦዬ ወደ አሰላ የመጣች ዕለት ከሰላምታ ቀጥላ የጠየቀችኝ ነገር፣ «እማ፣ ዓሣ ሳይሰበር እንዴት ነው የሚጠበሰው?» የሚል ነበር።

ደጃፉ ላይ እንደቆመች ነው የጠየቀችኝ። ሻንጣ አልያዘችም። ግራ እጇን ከነጠላዋ ሥር አስገብታለች። እኔ ደግሞ ክፉው ቀድሞ የሚታየኝ ሰው ነኝ፤ ስልክ ያለሰዓቱ ከጮኸ መርዶ ነው፣ ባጃጅ በራችን ላይ ድንገት ከቆመ የተገጨ ሰው ይዞ ነው። ሟቹ ባለቤቴ፣ «ዘመናይ፣ አንቺ እኮ ሰው ሳይሞት ነው ድንኳን የምትተክዪው» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ነጠላዋን ገልጬ በዘፈቀደ የተጠመጠመውን ፋሻ ፈታሁት። ትንሿ ጣቷና የቀለበት ጣቷ አብጠው ጠቁረዋል። ትንሿ ጣት ወደማይታጠፍበት ወገን ዞራለች።

«በር ነው» አለች ሳልጠይቃት። «በር ተዘጋብኝ።»

«የትኛው በር?»

ፊቷን አዞረች። «አስተምሪኝና ልመለስ። እስከ እሑድ ነው የፈቀደልኝ።»

ሐኪም ቤት ይዣት ሄድኩ። ለሐኪሙም በር ነው አለችው። ጣቶቿን ስቦ ሲያቃና የጮኸችው ጩኸት ኮሪደሩ ላይ የተቀመጡትን ሁሉ አስነሣቸው። እኔ ትከሻዋን ይዤ ነበር፤ አጥንቷ ወደ ቦታው ሲገባ በእጄ ተሰማኝ። በባጃጅ ስንመለስ፣ ሹፌሩ እንዳይሰማ ጆሮዬ ሥር ገብታ ነገረችኝ።

ዓርብ ዕለት ባሏ አስናቀ የመሥሪያ ቤቱን አለቃ ከነጓደኞቹ እራት ጠራ። የነቢያት ጾም ስለሆነ ዓሣ ይሁን ተባለ። ከባቱ በበረዶ የመጣ ጥሩ ቆሮሶ ዓሣ ገዝቶ ሰጣት። እሷ እንግዳ ደረሰ ስትል ቸኮለች፣ ውሃው ሳይንጠፈጠፍ ዘይት ውስጥ ከተተችው፣ ዓሣው ተጣበቀ፣ ስትገለብጠው ተበጣጠሰ። ስብርባሪውን በቃሪያና በሽንኩርት ሸፋፍና አቀረበች። እንግዶቹ በልተው አመሰገኗት። አስናቀም አብሯቸው ሲስቅ አመሸ፣ እስከ አጥር በር ሸኛቸው፣ ተመልሶ በሩን ቆለፈ፣ ጃኬቱን አውልቆ ወንበር ላይ በጥንቃቄ ሰቀለ።

«ሰው ፊት ፍርፋሪ አቀረብሽልኝ» አላት። እጇን ይዞ የኩሽናው መሳቢያ ውስጥ አስገባና መሳቢያውን በጉልበቱ ዘጋው። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። እስኪሰበር።

«በማግሥቱ ራሱ ፋሻ ገዝቶ መጣ» አለችኝ፣ ይህ ለእሱ የሚቆጠርለት ነገር ይመስል።

«በፊትስ?»

«በፊት የሸሚዝ ኮሌታ በደንብ አልተኮስሽም ብሎ ነበር። ከዚያ በፊት ስልክ ቶሎ አላነሣሽም ብሎ ነው።» ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲዘል እጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። «ሙያ ከለመድኩ ይቀርልኛል እማ።»

እሑድ አልመለስኳትም። አስናቀ ደወለ፤ ስልኩን እኔ አነሣሁ። «እማማ፣ እንደምን ዋሉ» አለ በዚያ በሚያምር ድምፁ። «ሮሐን ናፍቄያለሁ።» ዘጋሁበት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሙቀጫዬን ዘነዘና ከበሩ ኋላ አቆምኩት።

ግን በር ሰብሮ አልመጣም። ሽማግሌ ይዞ መጣ። ሽማግሌ ለላከ ባል ደግሞ በር አይዘጋበትም። አንደኛው አቶ ወልደጻድቅ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ፣ በሠርጉ ቀን በአባት ቦታ የቆሙለት ሰው። ሁለተኛው ኦቦ ቱሳ ነበሩ። ኦቦ ቱሳ ጎረቤቴ ናቸው። በከብትና በድንበር ጠብ እየዳኙ የሸበቱ፣ ባለቤቴ የሞተ ጊዜ እስላም ነኝ ሳይሉ ሬሳውን ተሸክመው ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ድረስ የሄዱ ሰው ናቸው። አስናቀ እምቢ የማልለውን ሰው መርጦ ነው የመጣው።

ሳሎን ተቀመጡ። አስናቀ ጉልበቴን ስሞ፣ ብርቱካን የያዘ ፌስታል እግሬ ሥር አስቀምጦ፣ ጥግ ካለችው በርጩማ ላይ እንደ ተማሪ ተቀመጠ። ሮሐ ከእኔ ኋላ ቆመች። ትንፋሿ አንገቴ ላይ ይሰማኛል፤ አጭር አጭር ነው።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገረን» አሉት አቶ ወልደጻድቅ። «ጠባችሁ በምንድነው?»

«በዓሣ ነው አባቴ።»

«በዓሣ?» ኦቦ ቱሳ ሳቁ። «ወላሂ፣ በመሬት ሲጋደሉ አይቻለሁ፣ በጊደር ሲጋደሉ አይቻለሁ። በዓሣ ዛሬ ገና ሰማሁ!»

«እወዳታለሁ» አለ አስናቀ አቀርቅሮ። «ግን ሙያ የላትም። እንግዳ ፊት አዋረደችኝ። ተናድጄ ክፉ ቃል ወጣኝ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

የሮሐን እጅ ይዤ ከነፋሻው አነሣሁት። «ይህንንስ ቃል ነው የሰበረው?»

አስናቀ ቀና ብሎ ሮሐን አያት፤ ፊቱ ላይ ቁጣ የሚባል ነገር የለም። «ሮሐ፣ ለሐኪሙ ምን ብለሽ ነው የተናገርሽው?»

ልጄ ከኋላዬ ሆና፣ «በር ነው» አለች።

«እንግዲህ በር ከሆነ በር ነው» አሉ አቶ ወልደጻድቅ፣ ከባድ ሸክም እንደወረደላቸው ሰው ወደ ኋላ ተደግፈው። «ወይዘሮ ዘመናይ፣ የእናት አንጀት ነው፣ እንረዳለን። ግን ጠቡ በዓሣ ከሆነ መፍትሔውም ዓሣ ነው። እናቷ ታስተምራት። በመጪው ዓርብ እዚሁ ተሰብስበን ዓሣውን እሷው ጠብሳ ታቅርብልን። ቀምሰን እንመርቃቸውና ባሏን ተከትላ ትሂድ። ምን ይላሉ ኦቦ ቱሳ?»

ኦቦ ቱሳ ጢማቸውን ዳሰሱ። «በግና ዶሮ ቢሆን እናንተ የባረካችሁትን እኔ አልበላም፣ እኔ የባረክሁትን እናንተ አትበሉም። ዓሣ ግን ማንም አይባርከውም። ጾሙ የእናንተ፣ ዓሣው የጋራ። ጭንቅላቱን ለእኔ አስቀምጪልኝ፣ ኢንተላ ኮ» አሏት ሮሐን፣ ልጄ ሲሉ በኦሮምኛ።

ሁሉም ሳቀ። አስናቀም ሳቀ። እኔ የሳቁትን ሰዎች አንድ በአንድ አየሁ። በእኛ ወግ ሽማግሌዎች እርቅ ማዕድ ላይ አብረው ከቀመሱ ነገሩ ተቀበረ። ከዚያ ወዲያ የሚያነሣው ሰው ሽማግሌ የደፈረ ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ ቢጮህ ማንም አይመጣለትም። ሮሐ ከአርቦዬ ብትጮህ ደግሞ አሰላ አይሰማም።

አንድ ተስፋ ነበረኝ። አቶ ወልደጻድቅ በጾም ዓሣ እንደማይነኩ ሰምቼ ነበር። በር ላይ ስሸኛቸው፣ «እርስዎ በጾም ዓሣ አይቀምሱ ይሆናል» አልኳቸው።

«ለእርቅ ሲባልማ እቀምሳለሁ» አሉኝ ፈገግ ብለው። «እግዚአብሔር ከዓሣው ይልቅ ትዳሩን ያያል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አስተማርኳት። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ዓሣው ከተሰበረ ሙያ የላትም ተብሎ ጥፋቱ የሷ ይሆናል። ካልተሰበረ ተመርቃ ትሄዳለች። የትኛውንም ብመኝ መጨረሻው ያው መሳቢያ ነው።

«መጀመሪያ ይድረቅ» አልኳት። «እጠቢው፣ በሎሚና በጨው እሺው፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለሽ ጫን ጫን አድርጊው። ጨርቁ ውሃ መምጠጥ እስኪያቆም። እርጥብ ዓሣ ሲገባበት ዘይት ይተፋል፣ ዓሣውም ብረቱን ይይዛል።»

ጣቶቿ ታስረው ስለነበር በክንዷ እየተጫነች አደረቀችው። ቁንዶ በርበሬ ነሰነሰችበት፣ ፉርኖ ዱቄት አልብሳ ትርፉን አራገፈች።

«አሁን መጥበሻው ባዶውን ይጋል። ከዚያ ዘይት። ዱቄት ቆንጥረሽ ጣል አድርጊበት፤ ከተንጫጫ ደርሷል። ዓሣውን ስታስገቢ ጫፉን ከራስሽ ወደ ወዲያ አስተኚው፣ ዘይቱ ቢረጭ ወዲያ እንዲረጭ።»

አስተኛችው። ዘይቱ ጮኸ። እሳቱን ላሳንስ እጄን በአጠገቧ ሰደድ ሳደርግ ሁለት ክንዶቿን አንሥታ ፊቷን ሸፈነች። ዘይቱ አልነካትም። የሸሸችው እጄን ነው። የእኔን እጅ።

እሳቱን አሳነስኩ። ክንዶቿን ቀስ ብላ አወረደች። ሁለታችንም ያላየን መስለን መጥበሻውን አየን።

«አሁን አትንኪው» አልኳት ድምፄን አስተካክዬ። «ትልቁ ነገር ይኸው ነው። መጀመሪያ ሁልጊዜ ይይዛል። ሲበስል ራሱ ይለቃል። ጠርዙ ነጥቶ ነጣቱ ወደ መሐል ሲሄድ መጥበሻውን ነቅነቅ አድርጊው፤ ከተንሸራተተ ለቋል። ካልተንሸራተተ ተይው። በግድ ካነሣሽው ግማሹ እዚያው ይቀራል።»

የመጀመሪያው ተሰበረ። ሁለተኛው ከጅራቱ በኩል ተሰበረ። ከዚያ በኋላ የጠበሰችው አንድም አልተሰበረም፤ ላዩ ወርቅ መስሎ ውስጡ ነጭ፣ በሹካ ሲነካ በገጽ በገጹ የሚላቀቅ። በሌላ ጊዜ ቢሆን እልል ያሰኘኝ ነበር።

ሐሙስ ማታ፣ «ሆን ብለሽ ስበሪው» አልኳት። «ገና አልለመደችም ብዬ ላቆይሽ።»

ራሷን ነቀነቀች። «ከሰበርኩት እውነተኛው እሱ ነው የሚሆነው፣ እማ። የኔ ጥፋት ሆኖ ይቀራል።»

«ካልሰበርሽውስ?»

የነገውን ዓሣ በጨርቅ መጠቅለል ጀመረች።

ዓርብ ቀትር ላይ መጡ። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ ኩሽናችን ከዋናው ቤት በግቢ ተለይቶ የቆመ ስለሆነ በሩን ገርበብ አድርገን ነበር የምንሠራው። አስናቀ የጋራዥ ጓደኛውን መኪና ተውሶ መጥቷል። ግቢው በር ላይ ፊቱን ወደ መውጫው አዙሮ አቁሞታል። የኋላውን በር ከፍቶ ሮሐ እኔ ቤት የምትተኛበትን ብርድ ልብስ እንዳስገባ በመስኮት አይቻለሁ። ከሳሎን የአቶ ወልደጻድቅ ሳል፣ የኦቦ ቱሳ ጨዋታ ይሰማል።

ሮሐ አንዱን ትልቅ ዓሣ ጠብሳ ጨርሳ፣ ሙሉውን፣ ጭንቅላቱ እንኳ ሳይነቀል፣ ሳህን ላይ አውጥታለች። ሁለተኛው መጥበሻው ላይ ነው። ሦስተኛው ደርቆ ተራውን ይጠብቃል። እኔ እሳቱን አሳነስኩት። ሮሐ አየችኝ። ምን እንደማደርግ ገብቷታል። ማዕዱ እስካልቀረበ ድረስ ልጄ የእኔ ናት።

በሩ ተከፈተና አስናቀ ገባ። ጃኬቱን አውልቆ ክንዱ ላይ አንጠልጥሏል። መሳቢያውን የዘጋባት ዕለትም መጀመሪያ ያወለቀው ጃኬቱን ነው።

«እማማ፣ ደከማችሁ አይደል?» አለ ጮክ ብሎ፣ ሳሎን እንዲሰማ። ከዚያ በሩን በተረከዙ ገፋ አደረገው፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልተዘጋም። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ገልብጪው።»

«አልለቀቀም» አለች ሮሐ።

«ምኑ ነው የማይለቀው?»

«ዓሣው። ሲደርስ ራሱ ይለቃል።»

ሳቀ። ጃኬቱን ምስማሩ ላይ ሰቀለ፣ ትከሻውንም አስተካከለው። «ሽማግሎቹን ታስጠብቂያለሽ። እናትሽ ናት የምታስተምርሽ? ገልብጪው አልኩሽ።»

«ተው ልጄ፣ ትንሽ ነው የቀረው» አልኩት። እኔ ራሴ ልጄ አልኩት። ከፍርሃት ነው።

እንዳልሰማ ሆነ። ከኋላዋ ቆሞ የታሰረ እጇን ያዘ፣ ጠፍጣፋውን ማንኪያ ከሷ ጣቶችና ከራሱ ጣቶች ጋር አንድ ላይ ጨበጠው፣ ፋሻው ላይ አጠበቀው። የሮሐ ከንፈር ነጣ። ማንኪያውን ከዓሣው ሥር በኃይል ገፋው። ቆዳው ብረቱ ላይ ቀረ፣ ሥጋው መሐል ለመሐል ተቀደደ፣ ነጩ ስብርባሪ ዘይቱ ላይ ተበተነ።

«ይኸው» አለ። ደስ ያለው ይመስላል። «ይኸው፣ አሁንም ሰበርሽው። ምን እንደሚጠብቅሽ ታውቂያለሽ።»

«አንተ ነህ የሰበርከው» አለች ሮሐ።

በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሱ የመለሰችለት ቃል ይመስለኛል። እሱም እንደዚያው ሳይመስለው አልቀረም፤ ፊቱ ላይ ያለው ሁሉ ጠፋ። በአንድ እጁ የማጅራት ፀጉሯን ጨመደደ፣ በሌላው የታሰረ እጇን ወደ ዘይቱ ገፋ።

እኔ ምን እንዳሰብኩ አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ ክፉውን ሳስብ ኖሬ፣ ክፉው ሲመጣ ምንም አላሰብኩም። እጄን ከሥር ሰደድኩ። ክብደቱን ሁሉ ጣለብን፤ የሷ ፋሻ የኔን የእጅ ጀርባ መታው፣ የእኔ መዳፍ ዘይቱ ውስጥ ገብቶ ብረቱ ላይ ተለጠፈ።

መጀመሪያ የሰማሁት ድምፁን ነው፤ እርጥብ ዓሣ ሲገባ የሚያሰማው ድምፅ። ከዚያ ሕመሙ እስከ ብብቴ ወጣ። የጮኸችው ሮሐ ናት። እኔ አፌ ተከፍቶ ቀረ እንጂ ድምፅ አልወጣልኝም። እሱ አሁንም ይጫናል። የማንን እጅ እንደያዘ ያወቀ አይመስለኝም፤ ወይም አውቋል።

«ዺሲ! ልቀቃት!» የሚል የኦቦ ቱሳ ድምፅ ከበሩ መጣ።

እሱ ዞር ሲል ሮሐ የመጥበሻውን እጀታ በቀኝ እጇ ያዘች። ከእጄ ሥር መዘዘችው፤ የመዳፌ ቆዳ አብሮት ሄደ። ፊቱን በመጥበሻው መታችው። ብረቱ አጥንት ሲመታ ሰማሁ። ዘይቱ ከጆሮው ወደ አንገቱ፣ ከአንገቱ ወደ ሸሚዙ ወረደ። እንደ ታረደ በሬ አገሳ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን ዘርግቶ ነጠላዋን አገኘ፣ ሳበና ጭንቅላቷን ከግድግዳው ጋር አጋጨው። ደግሞ አጋጨው። ኖራው ላይ ደም ቀረ።

ዘነዘናዬ ሳሎን በር ኋላ ነው። እጄ ያገኘው የዓሣውን ሎሚ የምንጨፈልቅበትን ድንጋይ ነው። በደህናው እጄ አንሥቼ ጉልበቱ ላይ ጣልኩበት፤ ያ መሳቢያውን የሚዘጋበት ጉልበቱ። ተንበረከከ። ያን ጊዜ ኦቦ ቱሳ ከዘራቸውን በአንገቱ ሥር አስገብተው ወደ ኋላ ጎተቱት። ሽማግሌ ናቸው፣ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ወይፈን የጣለ ክንድ ነው። ወለሉ ላይ አስተኙት።

አቶ ወልደጻድቅ እያለከለኩ ደረሱ። «በስመ አብ! በስመ አብ! ምን ጉድ ነው?»

«በመጥበሻ መታችኝ!» አለ አስናቀ ከወለሉ። የፊቱ ግማሽ ቀልቶ አብጧል፤ ድምፁ ግን ተመልሶለታል። «አባቴ፣ ዓሣውን እንደገና ሰበረችው። ቀስ ብዬ ብነግራት በፈላ ዘይት ልትገድለኝ። እናትየዋ በድንጋይ መታችኝ። እዩኝ!»

አቶ ወልደጻድቅ እሱን አዩ፣ ከግድግዳው ሥር ተቀምጣ ደም በዓይኗ ላይ የሚወርድባትን ሮሐን አዩ፣ እኔን አዩ። ወለሉ ላይ የተበተነውን ዓሣ አዩ። ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ለዓመታት ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሌላ ሥራ አያውቁም።

«ሰይጣን መሐል ገብቷል» አሉ። «ሁለታችሁም ተጎዳድታችኋል፣ ሁለታችሁም አጥፍታችኋል። እንዲህ እንዳለ ከተበተንን ነገ ደም ነው። አሁኑኑ ቀምሰን እንዝጋው።»

ሳህኑ ላይ ካለው ሙሉ ዓሣ፣ ሮሐ ሳትሰብር ከጠበሰችው፣ ቁራሽ አነሡ። ወደ ኦቦ ቱሳ ዘረጉ። «እርስዎ ይጀምሩ፣ ታላቅ ነዎት። በሉ፣ ይቅመሱ።»

ትዝ ይለኛል፣ እጄ ላይ ያለው እሳት እንኳ ጠፋኝ። ኦቦ ቱሳ ለእርቅ እምቢ ሲሉ አይቼ አላውቅም። ደግሞ ዓሣ ይወዳሉ።

ኦቦ ቱሳ ከዘራቸውን ከአስናቀ ላይ ሳያነሡ ቁራሹን አዩት።

«እኔ እዚህ የመጣሁት ጭንቅላቱን እንዳትረሳብኝ ልነግራት ነው» አሉ በዝግታ። «ሆዴ ነው ያመጣኝ። በዚህ በር ክፍተት አየሁ። ዓሣውን ማን እንደሰበረው አይቻለሁ።» ወደ ሮሐ ዞሩ። «በር ነው ያልሽንም እጅ የትኛው በር እንደሰበረው አሁን አየሁት፣ ኢንተላ ኮ። ያኔም ልጠይቅሽ ይገባኝ ነበር፤ ሳቅሁ።»

«ኦቦ ቱሳ፣ ለሰላም ሲባል—»

«አልቀምስም» አሉ። የአቶ ወልደጻድቅን እጅ በጣታቸው ጫፍ ወደ ሳህኑ መለሱት። «እኔ ካልቀመስኩ እርቅ የለም። እርቅ ከሌለ ልጅቷ እናቷ ቤት ናት። ወላሂ፣ ይህን ዓሣ ዛሬ በዚህ ቤት ማንም አይቀምስም።»

አቶ ወልደጻድቅ ቁራሹን ሳህኑ ላይ አስቀመጡት። ጣታቸውን የሚጠርጉበት አጥተው ቆሙ።

ኦቦ ቱሳ ከዘራቸውን ሲያነሡለት አስናቀ ተነሣ። ጃኬቱን ከምስማሩ ላይ አወረደ፣ በተቃጠለ አንገቱ ላይ ሊለብሰው ሞክሮ ጮኸ፣ ተወው። በር ላይ ሲደርስ፣ «በሰላም የምትኖሩ ይመስላችኋል?» አለ። ወደ ሮሐ ነው ያየው። መኪናው ከነብርድ ልብሷ ወጣ።

ሮሐ ግንባሯ ተሰፋ። የኔን መዳፍ ሐኪሙ አየው፤ ጣቶቼ እንደ ድሮው ይዘረጉ እንደሆነ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። ሮሐ ለሐኪሙ በር አላለችም። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ሄደን ሁሉንም ከመሳቢያው ጀምራ ተናገረች። ኦቦ ቱሳ ጃኬታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ምስክር ሆነው ከጎኗ ተቀመጡ። እሱም በጥቃት ከሶናል፤ ጉዳዩ በፍርድ ቤት ነው። ምን እንደሚፈረድ አላውቅም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ክፉውን ነው የምጠብቀው።

የነቢያት ጾም ሊፈታ ሲቃረብ ሮሐ፣ «እማ፣ ዓሣ አማረኝ» አለችኝ። ዓሣ ላይ ዓይኗን የምትጥል አልመሰለኝም ነበር። ገዛሁ። ለሁለታችን አንድ ሰው የሚሞላ እጅ ነው ያለን፤ የኔ ግራ፣ የሷ ቀኝ። እኔ ዓሣውን ስይዝ እሷ በጨርቁ አደረቀችው። እሷ መጥበሻውን ስትይዝ እኔ ማንኪያውን ያዝሁ። ዘይቱ ሲጮህ እኔ ነኝ ወደ ኋላ የሸሸሁት። ሳቀችብኝ። ከመጣች ወዲህ ስትስቅ ገና መስማቴ ነው።

ጠርዙ መንጣት ሲጀምር የግቢው በር ተንኳኳ።

ማንኪያውን ጥዬ ዘነዘናውን አነሣሁ። ያን ጊዜ ከኩሽናው በር ኋላ ነበር የማቆመው። ሮሐም የመጥበሻውን እጀታ አጥብቃ ያዘች። በደህና እጄ ዘነዘናውን ከፍ አድርጌ፣ «ማነው?» አልኩ።

«ሽታው ነው ያመጣኝ!» አሉ ኦቦ ቱሳ ከውጭ። «ጭንቅላቱ የኔ ነው ተብሎ ነበር፤ ያ ውል አልፈረሰም መሰለኝ።»

ከፈትኩላቸው። ኩሽናው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። እኔ በሩን ዘግቼ፣ መቀርቀሪያውን ወርውሬ፣ እንደተወረወረ ጎትቼ አይቼ እስክመለስ ድረስ ሮሐ ዓሣውን ብቻዋን ልትገለብጥ ሞክራለች። በአንድ እጅ አልሆነላትም፤ ጅራቱ ላይ ተሰብሯል።

«ተሰበረ» አለች። አንገቷን ትንሽ ሰበር አድርጋ ጠበቀች፤ ማንን እንደምትጠብቅ አውቃለሁ።

«እና?» አሉ ኦቦ ቱሳ እጃቸውን እየታጠቡ። «ሙሉውን ይውጠዋል ብለሽ ነው ሰው? አምጪው፣ ሳይበርድ።»

ሳህኑን መሐላችን አስቀመጠች። ኦቦ ቱሳ፣ «ቢስሚላህ» አሉ፣ እኔ አማተብሁ፣ በላን። እኔ ፊቴን ወደ በሩ አድርጌ ነበር የተቀመጥኩት፤ ዘነዘናው ጉልበቴ ላይ ነው። ሮሐ ግን ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ በላች።